የመኪና ልብስ ሰፊዋ ጌርሊንደ

ጌርሊንደ ጥቁሩን ሸራ ጭኗ ላይ በግራ እጇ ወጥራ፣ በቀኝ እጇ የስፖንጅ ቁራጭ ከሥሩ እየሰገሰገች ነበር። አውራ ጣቷ በገባበት ቦታ ሸራው ጎበጥ ይላል። ዳበስ ታደርገዋለች፤ ካልወደደችው መልሳ አውጥታ ጥጉን በመቀስ ትሸርፈዋለች። ልክ ሲሆንላት በከንፈሯ የያዘቻቸውን መርፌዎች አንድ በአንድ እየወሰደች ትሰካለች። አፏ በመርፌ ስለሚሞላ በሥራ ሰዓት የምትናገረው ጥቂት ነው። ጨርቅ ቆራጯ ሪካርዳ፣ "ጌርሊንደን ለምስጢር ሥራ የመረጧት አፏን ራሷ ስለምትሰፋው ነው" እያለች ትቀልድባት ነበር።

"ዛሬ ደግሞ ለመኪናዋ ሆድ ነው የምታወጪላት ወይስ ጉንጭ?" አለቻት ሪካርዳ በዚያን ቀን።

"ጉንጭ" አለች ጌርሊንደ፣ መርፌዎቹን ሳታወጣ።

"የማን ጉንጭ?"

"ያንቺ።"

ሳቅን። እኔ ከጎኗ ባለው የስፌት መኪና ላይ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ለብዙ ዓመታት ግን ከእሷ ጎን ተቀምጬ ሰፍቻለሁ፤ የምንኖረውም በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፣ እሷ ላይ፣ እኔ ታች።

የምንሰፋው የመኪና ልብስ ነው። ገና ለገበያ ያልወጣች መኪና በአደባባይ መንገድ መነዳት አለባት፤ ብርዱን በበረዶ አገር፣ ሙቀቱን በደቡብ ትፈተናለች። ፎቶ አንሺዎች ደግሞ በየጥሻው አድፍጠው ይጠብቋታል። መልኳ እንዳይታወቅ ሸራ እናለብሳታለን፤ ቀጥ ያለው አካሏ የጎበጠ፣ የጎበጠው ደግሞ ቀጥ ያለ እንዲመስል በስፖንጅ እንሞላዋለን። ከላይ ባለው ፎቅ የተማሩት ልጆች መኪናዋን ያሳምራሉ፤ እኛ ከታች እናስቀይማታለን። ሥራው ሆድ ይፍጀው የሚባል ዓይነት ነው። ባል ለሚስቱ፣ ሚስት ለባሏ አትናገርም።

ጌርሊንደ የተወለደችው ከኔካር ወንዝ ሸለቆ በላይ፣ አልብ በሚባለው ደጋ ላይ ነው። እዚያ መሬቱ ድንጋይ ስለሆነ ሰዉ ያገኘውን አይጥልም። እናቷ የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት በካውያ ተኩሳ ለሚቀጥለው ገና ታስቀምጥ ነበር። ጌርሊንደም እንደ እናቷ ናት። ከአሮጌ ሸሚዝ የተፈቱ ቁልፎች በየቀለማቸው በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣሉ። የተቀደደ አንሶላ የሳህን ጨርቅ ይሆናል፤ የሳህን ጨርቁ ሲያልቅ የጫማ መወልወያ፣ እሱም ሲያልቅ የምድጃ መለኮሻ። አንድ ቀን ያረጀ ጃንጥላዬን ልጥል ስል ደረጃ ላይ አግኝታኝ ተቀበለችኝ። በሳምንቱ የጃንጥላውን ጨርቅ የገበያ ዘንቢል አድርጋ ሰፍታ አመጣችልኝ። አሁንም እይዘዋለሁ።

ወላጆቻቸው ተከታትለው ሲሞቱ ታናሽ ወንድሟ ቬንደሊን ገና ተማሪ ነበር። ጌርሊንደ ወደ ሸለቆው ወርዳ በፋብሪካው የወንበር ቆዳ መስፋት ጀመረች፤ ልጁን ያስተማረችው በዚያ ነው። አላገባችም። ከቀለም ክፍል አንድ ደህና ሰው ለተወሰነ ጊዜ እሷ ጋ ይመላለስ ነበር። አንድ እሑድ፣ "ልጁ ትምህርቱን እስኪጨርስ ነው የምጠብቀው?" አላት። "አዎ፣ እስኪጨርስ" አለችው። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ይህንን ስትነግረኝ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ቬንደሊን ተምሮ ጨረሰ። ሥራ ያገኘው ግን በጎረቤት ክፍለ ሀገር ባቫሪያ፣ ተቀናቃኛችን በሆነው ፋብሪካ ነው። የተመደበውም ቁጥር ማጠናቀር ላይ ነው፤ የእነሱ መኪና በየአገሩ ስንት ተሸጠ፣ የእኛስ ስንት፣ ከነዳጁና ከኤሌክትሪኩ የትኛው ሄደ። ያንን አጠናቅሮ ለአለቆቹ ያቀርባል።

በኛ መንገድ የሚኖረው ሁሉ የፋብሪካችን ሰው ነው፤ በየደጁ የቆመው መኪናም ያው የፋብሪካችን። ቬንደሊን አንድ ጊዜ የባቫሪያ መኪናውን በራችን ላይ ቢያቆም፣ ምድር ቤት ያሉት ሽማግሌ አቶ ኤፕሌ ጌርሊንደን ደረጃ ላይ አስቁመው፣ "ወይዘሪት ጌርሊንደ፣ መንገዱ ላይ የሆነ ነገር ወድቆብዎታል" አሏት። ከዚያ በኋላ ቬንደሊን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እያቆመ በእግሩ ይመጣ ጀመር። ጌርሊንደም ሕግ አወጣች። የመኪና ወሬ ከጫማ ጋር በር ላይ ይቀራል። ጫማውን አውልቆ ነጠላ ጫማ ያደርጋል፤ ምስርና በእጅ ተቆርጦ እንደ ፓስታ የተቀቀለ ሊጥ ትሰጠዋለች፤ ስለ አክስታቸው፣ ስለ ፖም ዛፎቹ፣ ስለ ጉልበቷ ያወራሉ። ሁለቱም ሕጉን ያከብሩ ነበር። አንዴ ብቻ ቬንደሊን እየበላ፣ "እታለም፣ በዚህ ሩብ ዓመት..." ብሎ ሲጀምር፣ "ሂድና በር ላይ ላለው ጫማህ ንገረው" አለችው። አፍሮ ሳቀ።

በዚያን ጊዜ ፋብሪካችን ጭንቀት ላይ ነበር። ቀደም ሲል የወጣችው ትልቋ የኤሌክትሪክ መኪናችን መልኳን ያበጀላት ነፋስ ነው ይባላል፤ አየሩ ሳይነካት እንዲያልፍ ብለው ከፊት እስከ ኋላ አለሰለሷት። ነፋሱ ወደዳት፤ ገዢው ግን አልወደዳትም። በከተማችን "ሳሙና" ይሏታል። በየሩብ ዓመቱ የሽያጩ ቁጥር ምሳ በምንበላበት የፋብሪካው ክበብ በር ላይ ሲለጠፍ፣ ሰዉ ትሪውን ይዞ ቆሞ ያነባል። የባቫሪያዎቹ የኤሌክትሪክ መኪና መስመር ወደ ላይ ይወጣል፤ የኛ ይወርዳል። ከዚያ ሰዉ የድንች ሰላጣውን ሳያጣጥም ይበላል። የማታ ፈረቃ ሊቀር ነው፣ የኛም ክፍል ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ነው እየተባለ ይወራ ነበር።

ተስፋ የነበረን በአዲሲቷ ነው። እሷም ኤሌክትሪክ ናት፤ ግን እንደ ሳሙና አይደለችም። ኮፈኗ ረጅም፣ ፊቷ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። መሃሉ ላይ እንደ ጥንቶቹ መኪኖቻችን ከፍ ያለ ፍርግርግ አላት፤ መብራቶቿም እንደ ጠበብ ያለ ዓይን ናቸው። ልክ ልንወስድላት መጀመሪያ መጋረጃው ሲገለጥ ሁላችንም ቀረብ ብለን ዞርናት። ጌርሊንደ መርፌዎቹን ከአፏ አውጥታ፣ "ይቺ አያት አላት" አለች። አለቃችን አቶ ሩኦፍ ሰምተው ነበርና፣ "አዎ። ይቺ ካልሆነች እኛም አንሆንም። እንግዲህ ደብቁልኝ" አሉ።

አሠራራችን እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ልክ የሚሰፋው ያለ ስፖንጅ፣ መኪናዋ ገላ ላይ ጥብቅ ብሎ ነው። ስፖንጁ የት የት እንደሚገባ በጠመኔ የምናሰምረው እሱ ላይ ነው። ከዚያ ሁለተኛው ይቆረጣል፤ የመጀመሪያው፣ መልኳን እንዳያወጣ፣ ወደ ጨርቅ መፍጫው ይሄዳል። በዚያ ሰሞን መፍጫው ተበላሽቶ ስለነበር የሚፈጨው ጨርቅ በር አጠገብ ባለው በርሜል ተጠቅልሎ ይጠብቅ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ጌርሊንደ ከከተማው በላይ ባለው ተዳፋት ከእናቷ የወረሰችው የፖም መስክ አላት። ቬንደሊን በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ ይመጣና አብረው ይለቅማሉ፤ ጭማቂው ሲጨመቅ እኩል ይካፈላሉ። በዚያ ዓመት ፖሙ ብዙ ነበር፤ ጋሪውም መሸፈኛ አልነበረውም። ጌርሊንደ በርሜሉ አጠገብ ስታልፍ የፊት ክፍሉን የመጀመሪያ ልክ አየችው። ወፍራም፣ ውሃ የማያስገባ፣ አንዴ ብቻ የተለበሰ ሸራ። አጣጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። ሌላ ሰው ቢሆን ምስጢር ይታየው ነበር። እሷ የታያት ጨርቅ ነው፤ ደህና ጨርቅ ሊፈጭ ነው።

በማግስቱ እኔ ጉንፋን ይዞኝ አልጋ ላይ ነበርኩ። የምጽፈው በኋላ እሷ የነገረችኝን ነው።

ጠዋት ሲለቅሙ ቬንደሊን በደስታ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ቦታው ለእሱ እንደሚሰጠው ሹክ ብለውታል። ይህን ያህሉን መናገር ሕግ አይጥስም ብሎ ነገራት።

"እናታችን ብትኖር ምን ትል ነበር?" አላት መሰላሉ ላይ ሆኖ።

"'ሸሚዝህን ሱሪህ ውስጥ ክተት' ትል ነበር።"

"አንቺስ?"

"ክተት።"

እየሳቀ ከተተ። "እታለም፣ ዘንድሮ ግን ዛፎቹ አብደዋል" አላት።

"አላበዱም። አምና አርፈው ነው።"

ጋሪው ከአፉ እስኪተርፍ ሞላ። ካፊያ ሲጀምር ጌርሊንደ ሸራውን አውጥታ አለበሰችው፤ ጥጎቹን በገመድ ወደ ታች ሳበች። ቬንደሊን በየዓመቱ እሷን ከጋሪው ጋር ፎቶ ያነሳታል፤ በአረጋውያን ቤት ላሉት አክስታቸው ለክሬሴንስ የሚያሳዩት ነው። "ቁሚ እስኪ፣ ሻሽሽን አስተካክይ" አለና አነሳት። ከዚያ ፎቶው እንዴት እንደወጣ ሊያይ ስልኩ ላይ አጎነበሰ። ቀና ሳይል ቆየ።

"ጌርሊንደ" አላት። በስሟ የሚጠራት ነገር ሲጠና ነው። "ይህ ሸራ ከየት መጣ?"

"ከሥራ። ሊፈጭ ነበር። ምነው?"

"ጋሪሽ ፊት አለው።"

ወደ እሱ ሄዳ ዞር ብላ አየች። ሸራው ርሶ ፖሙ ላይ ተለጥፏል፤ ልብሱ ሥጋ አግኝቷል። ቀጥ ብሎ የቆመው አፍንጫ፣ ከፍ ያለው የፍርግርግ ቦታ፣ በግራና በቀኝ እንደ ጠበበ ዓይን የተቆረጡት የመብራት ክፍተቶች፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። መስክ መሃል ራቁቷን የቆመች ልጅ መሰለችኝ አለችኝ።

"እኔ ምንም አላየሁም" አለ ቬንደሊን። "ፎቶውን አጠፋዋለሁ። ይኸው፣ እይ፣ ጠፋ።" ስልኩን ዘረጋላት።

መነጽሯ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። ጣቶቿ በፖም ጭማቂ ተጣብቀዋል። ከዚያም በላይ፣ ወንድሟ "ጠፋ" ካለ በኋላ መነጽር አውጥቶ ማየት እሱን አለማመን መስሎ ታያት። በጨረፍታ አይታ፣ "እሺ" አለችው። ሸራውን ገፈው አጣጠፉ። የቀረውን ፖም ዝናብ መታው። እሑድ ጌርሊንደ ሸራውን በጨርቅ መቀስ ቆራርጣ ሰኞ ወደ በርሜሉ መለሰችው። ለማንም አልተናገረችም። ቬንደሊንም ያንን ነገር ዳግመኛ አላነሳም።

የመጀመሪያው ውርጭ ከመጣ በኋላ፣ አንድ ቀን ሪካርዳ ከክበቡ የመኪና መጽሔት ይዛ ገባች። ገጹ ላይ የሰዓሊ ሥዕል ነበር፤ የምትመጣው መኪናችን ይህን ትመስላለች ይላል። ረጅም ኮፈን፣ የቆመ ፊት፣ ከፍ ያለ ፍርግርግ፣ ጠባብ ዓይን።

"እኛ እዚህ ስንሰፋላት እሷ ራቁቷን ከተማ ወጥታለች" አለች ሪካርዳ። "ቢያንስ የውስጥ ሱሪ እናልብሳት።"

ማንም አልሳቀም። ጌርሊንደ መርፌ ከአፏ ስታወጣ አንዱ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ወለሉን ስትዳብስ ቆየች፤ መርፌው እግሯ ሥር እያለ አላየችውም።

አቶ ሩኦፍ ከሰዓት በኋላ ሰበሰቡን። ፊታቸው እንዳልተኛ ሰው ነበር። "ማንንም አልጠረጥርም" አሉ። "ግን ሥዕሉ ከሁለተኛው ልብስ የተገመተ አይደለም። የመጀመሪያውን ልክ ያየ ሰው አለ። የፊት ክፍሉ የት ደረሰ?"

ጌርሊንደ እንደ ተማሪ እጇን አነሳች።

ቢሯቸው ገብታ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ስለ ጨርቁ ሲሰሙ አቶ ሩኦፍ ግንባራቸውን ያዙ። እሳቸውም የአልብ ልጅ ናቸው፤ እናታቸው ምን ምን ታስቀምጥ እንደነበር ያውቁታል።

"ለጋሪ?" አሏት።

"ሊዘንብ ነበር።"

"ማን አየው?"

ሽርጧ ላይ የተጣበቀ ክር ለቀመች።

"ወይዘሪት ጌርሊንደ፣ ማን አየው?"

"ወንድሜ።"

የት እንደሚሠራ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። "ፎቶ ተነስቷል?"

"አንስቶ ነበር። አጥፍቼዋለሁ አለኝ።"

"ሲጠፋ በዓይንዎ አይተዋል?"

ጌርሊንደ በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም፤ ለአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ እንኳ አልዋሸችም። "መነጽሬን አላደረግሁም ነበር" አለች።

አቶ ሩኦፍ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ባይነግሩኝ ይሻለኝ ነበር" አሏት። "አሁን ግን ሰምቻለሁ።"

ጉዳዩ ወደ ላይ ወጣ፤ ከላይ ደግሞ በጠበቆች በኩል ወደ ባቫሪያ ሄደ። ጌርሊንደን ከሥራ አላባረሯትም። ወደ ጀመረችበት፣ ወደ ወንበር ቆዳ ክፍል መለሷት። መቀሷንና ስትሰፋ ጣቷ ላይ የምታጠልቀውን ብረት በመሐረብ ቋጥራ ስትወጣ ሪካርዳ በሩን ከፍታ ያዘችላት፤ ቀልድ አልመጣላትም።

ቬንደሊን የደወለ ዕለት እኔ ቤቷ ነበርኩ፤ የሾርባ ሳህን ልመልስላት ወጥቼ ነው። ስልኳ አሮጌ ስለሆነ ድምፁ ወደ ውጭ ይወጣል። ልሄድ ስነሳ በእጇ ተቀመጪ አለችኝ።

"እታለም" አለ።

"አንተ ልጅ፣ በላህ?"

"በልቻለሁ። ዛሬ ሰዎች ጠረጴዛዬ ጋ መጥተው ስልኬን ወሰዱት። ኮምፒውተሬንም። ሰዉ ሁሉ እያየ።"

ጌርሊንደ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?"

"እውነቱን።"

"እውነቱ ምንድን ነው?"

"ፎቶ እንዳነሳህ። አጥፍቼዋለሁ እንዳልከኝ።"

"እንዳልኩሽ።"

"እንዳልከኝ። ምን ልበል? መነጽሬን አላደረግሁም ነበር፣ ቬንደሊን። አይቻለሁ ብል ውሸት ነው።"

ከጀርባው የመንገድ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቆሞ ሳይሆን አይቀርም የሚያወራው። ሲናገር አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

"መነጽሩ ለፎቶው ነው፣ እታለም። እኔን ለማወቅ ምን መነጽር አስፈለገሽ? አንቺ አይደለሽ ያሳደግሽኝ? 'ወንድሜ ካለ ጠፍቷል' ማለት እንዴት አቃተሽ?"

የጌርሊንደ ጣት የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ ይዳብሳል፣ ስፌት እንደሚፈልግ።

"በይ ደህና እደሪ" አለና ስልኩን ዘጋ።

ስልኩ ላይ ምንም አልተገኘም። ቢሆንም ለእሱ ታስቦ የነበረው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጥፋት አልተገኘብህም የተባለ ሰውና ጨርሶ ያልተጠየቀ ሰው አለቆች ዘንድ እኩል አይደሉም።

በረዶው ሲቀልጥ ያው መጽሔት ፎቶውን ራሱን አወጣ። መኪናችን መከር ላይ፣ በረዶ ቀድሞ በሚጥልበት ሰሜን አገር ስትነዳ የተነሳ ነው። ነፋስ የፊት ሸራዋን ከጥግ ጀምሮ ገፎታል፤ ግማሽ አፍንጫዋ ይታያል። ሰዓሊው ሥዕሉን የሠራው ከዚያ ነበር። ሪካርዳ መጽሔቱን ይዛ ወደ ቆዳ ክፍል ሮጠች።

"ወንድምሽ አይደለም" አለቻት። "ጌርሊንደ፣ ነፋሱ ነው። ያ ሳሙናን ያበላሸው ነፋስ።"

ጌርሊንደ በዚህ ጊዜ መነጽሯን አውጥታ አደረገችና ፎቶውን ከጥግ እስከ ጥግ አየችው። የተገፈፈውን ጥግ በጣቷ ነካችው። "ይህን ጥግ የሰፋሁት እኔ ነኝ" ብቻ አለች። መጽሔቱን አጥፋ መለሰችላት።

አቶ ሩኦፍ ራሳቸው ወርደው መጡ፤ ወደ ቦታሽ ተመለሽ ሊሏት። "ለወንድሜ ይጻፉለት" አለቻቸው። ይጻፋል አሏት። ይጻፍለት አይጻፍለት አላወቅንም። እሷ ግን ከቆዳው ክፍል አልወጣችም። "እዚህ የምሰፋው ይታያል" አለችኝ አንድ ቀን አውቶቡስ ስንጠብቅ።

ቬንደሊን በዓመቱ የፖም ቅዳሜ አልመጣም። የገና ካርድ ይልካል፤ ለጤናዋ ያስባል፤ ስልክ ሲነጋገሩ ስለ አክስታቸው ይጠይቃል፤ "እታለም" ግን አይላትም። አዲሲቷ መኪና ወጥታ መንገዳችን ላይ ትታያለች። አቶ ኤፕሌ መስኮታቸው ላይ ተደግፈው ስታልፍ ይቆጥሯታል። ትሸጥ እንደሆነ ገና አልለየለትም። አንዱ ሩብ ዓመት ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል፤ ሰዉ ትሪውን ይዞ ያነባል።

ጌርሊንደ የኛን ቁጥር አታነብም። ጋዜጣ ስገዛ የንግድ ገጹን አስቀሪልኝ ትለኛለች፤ የምትፈልገው የባቫሪያውን ሽያጭ ነው። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች ትወርደዋለች። በዚያ ቁጥር ውስጥ የእሱ እጅ አለበት። ከፍ ብሎ ስታየው፣ "ደህና ነው ማለት ነው" ትላለች። ዝቅ ካለ ምሳ አይበላላትም። ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል እላለሁ አንዳንዴ፤ ዓመት ሙሉ የተቀናቃኝ ፋብሪካ እንዲሸጥ የምትጸልይ የኛ ሠራተኛ።

ባለፈው መከር ፖሙን እኔና እሷ ለቀምነው። ጭማቂው ሲመጣ እንደ ድሮው እኩል ከፍላ የእሱን ድርሻ በሳጥኖች አድርጋ፣ ጠርሙሶቹ እንዳይጋጩ በመሃላቸው የስፖንጅ ቁራጭ አስገብታ፣ በጠመኔ "ቬንደሊን" ብላ ጻፈችባቸው። በባቡር ራሷ ልትወስድለት ነው። ፊት ለፊቱ ቆማ የምትነግረው ነገር አለ፤ በስልክ የሚሆን አይደለም አለችኝ። ሳጥኖቹን እስከ ደረጃው ግርጌ አብረን አወረድናቸው። "ቅዳሜ እሄዳለሁ" አለች። ቅዳሜ ውርጭ ሆነ። በሚቀጥለው ጉልበቷ አበጠ። ከዚያ ባቡሩ መስመር እየተጠገነ ነው ተባለ፤ ከዚያ የገና ሰሞን ሰው ይበዛል አለች። ከዚያ በኋላ ምክንያት መናገሯን ተወች።

በኛ ሕንፃ ደረጃ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ ክልክል ነው። አቶ ኤፕሌ ለአንድ የልጅ ብስክሌት ወር ሙሉ የተጣሉ ሰው ናቸው፤ ስለ እነዚህ ሳጥኖች ግን ቃል አልተነፈሱም፤ ዘንጋቸውን ይዘው በጎን ያልፋሉ። ደረጃውን በየተራ በየሳምንቱ እንጠርጋለን። በዚህ ሳምንት የጌርሊንደ ተራ ነው፤ የባለ ተራዋ ሰሌዳ በሯ ላይ ተሰቅሏል። ዛሬ ጠዋት በሬን ገርበብ አድርጌ አየኋት። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ወደ ጎን አነሳች፤ ከሥራቸው ጠረገች፤ እርጥብ ጨርቅ አሳለፈችና ወለሉ እስኪደርቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሲደርቅ መልሳ ቦታቸው አስቀመጠቻቸው፤ በጠመኔ የተጻፈው ስም ወደ ውጭ እንዲሆን አዙራ።